የሙሴ ገብስ

ሙሴ አገራችን የመጣው ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ገብሱ ተወቅቶ አውድማው ከተጠረገ በኋላ፣ በግራጫ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ነበር።

እንደሚመጣ አስቀድሜ ሰምቼ ነበር። አባቴ አንዳርጌ ከንፋስ መውጫ ገበያ ተመልሶ ገና ጭነቱን ከአህያዋ ሳያወርድ ለእናቴ ሲነግራት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሙሴ ከደብረ ታቦር ተነሥቷል አላት፤ መሬታችንን አይቶ፣ ገብሳችንን አይቶ፣ ከችጋር ሊያወጣን ነው እየተባለ ነው። እናቴ ሐረገ ወይን የጭነቱን ጠፍር እየፈታች ማን እንደላከው ጠየቀችው። ኩባንያ ነው የላከው አላት። ኩባንያ የማን ልጅ እንደሆነ ደግማ ጠየቀች። አባቴ እሱን አላወቀም።

ያኔ የወተት ጥርሴ ገና ተነቅሎ አላለቀም ነበር። ሙሴን ግን ከሁለቱም የተሻለ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ቤታችን ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ የድጓ ተማሪዎች ዜማ ከሚሰማበት ቦታ ላይ ነው። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ የኔታ ወልደ ሩፋኤል ደጀ ሰላሙ አጠገብ ይቀመጡና ለእኛ ለሕፃናቱ ታሪክ ይነግሩናል። በዚያ ሰሞን የያዙት የሙሴን ነበር። በትሩን ይዞ ፈርዖን ፊት መቆሙን፣ ወንዙ ደም መሆኑን፣ ጓጉንቸሩ ቤት ሙሉ መግባቱን፣ ዝንቡን፣ የከብቱን እልቂት፣ እባጩን በተራ በተራ ነገሩንና በረዶው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ገብሱ እሸት ነበር፤ በረዶው ጨረሰው» አሉ። «ስንዴው ግን ገና ስላልደረሰ ተረፈ።»

ሌሎቹ ልጆች ባሕሩ የተከፈለበትን ለመስማት ቸኩለዋል። እኔ ገብሱ ላይ ቀረሁ። እኛ ስንዴ አልነበረንም።

ፈረንጅን ሁሉ «ሙሴ» ብሎ መጥራት የዘመኑ ልማድ እንደነበረ፣ ከፈረንሳዮች አጠራር የተወረሰ ቃል እንደሆነ ያወቅሁት ደብረ ታቦር ገብቼ ትምህርት ስጀምር ነው። መምህሩ ሲነግሩን ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቀኝ ብጠየቅም መናገር አልቻልኩም።

እሱም ቢሆን ሲመጣ ሙሴ አይደለም የሚያሰኝ ነገር አልነበረውም። ጢሙ የበቆሎ ጸጉር መስሎ እስከ ደረቱ ወርዷል። በእጁ ብረት በትር ይዟል። ከበቅሎው ወርዶ ወደ አባቴ ማሳ መሐል ገባና በትሩን ምድር ላይ ተከለው፤ ውሃ ይፈልቃል ብዬ ስጠብቅ አፈር ይዞለት ወጣ። አፈሩን አሸተተ። በጣቱ ፈረከሰው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ሳቀ። አባቴም አብሮት ሳቀ፤ ስለ ምን እንደሚሳቅ ግን ያወቀ አይመስለኝም።

የሚያስተረጉምለት ይርጋ የሚባል የእስቴ ሰው ነበር፤ ካኪ ሱሪና ጥቁር ጫማ ያደረገ፣ ፈጣን ተናጋሪ። መንደሩ ከዋርካው ሥር ሲሰበሰብ ነገሩን አብራራው። ኩባንያው የቢራ ፋብሪካ አለው። ለፋብሪካው ብቅል የሚሆን ገብስ ይፈልጋል። ዘሩን ራሱ ያመጣል፤ እንደ ዱቄት ነጭ የሆነ የመሬት መድኃኒትም ይሰጣል፤ የተገኘውን ምርት ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ይገዛል። ምን ያህል ነው የሚፈልገው ተብሎ ተጠየቀ። መሬቱ የቻለውን ያህል አለ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ብቅል ምን እንደሆነ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ያን ያህል ብቅል የሚዘጋጀው ለምን እንደሆነም ያውቃሉ። ጎረቤታችን ጥጋቡ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ለፈረንጁ እጅ ነሣና «ይርጋ፣ እግዜር ያጥናዎ በልልኝ» አለው። «ይህ ሁሉ ብቅል ለተዝካር ካልሆነ ለምን ነው? አባቱ ሞተውበት መሆን አለበት።» ዋርካው ሥር የነበረው ሰው በሳቅ ተንከተከተ። ፈረንጁ አዝኖ ይሆናል ብዬ አየሁት። ቀይ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይርጋ አጥብቆ አስጠነቀቀ። ገብሱ ንጹሕ መሆን አለበት። በስልቻው ውስጥ ጥቁር ፍሬ ከተገኘ ስልቻው እንዳለ ይመለሳል። «ድብልቅ ኩባንያው አይቀበልም» አለ፤ ይህቺን ቃል ቀስ ብሎ ነበር የተናገራት።

የእኛ ገብስ ደግሞ ጥቁር ነበር። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ፣ ፍሬው ደቃቅ፣ ቆሎው ጣፋጭ፣ ውርጭ ቢመታውም የማይሞት ገብስ።

በመጀመሪያው ክረምት አባቴ ግማሹን ማሳ ለኩባንያው ዘር ሰጠ። እኔ መቅሠፍቱን መጠበቅ ጀመርኩ። የሰኔ የመጀመሪያ ጎርፍ ወንዛችንን አቅልቶ፣ ደም አስመስሎ ሲያወርደው ወደ ቤት ሮጬ አልጋ ሥር ገባሁ። ሐምሌ ላይ ጓጉንቸሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። በመስከረም ዝንቡ ላሞቹን እንኳ አላሳልብ አለ። ይህ ሁሉ በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነው፤ እኔ ግን ያን ዓመት ነበር ያየሁት። ለማንም አልተናገርኩም። የፈሩትን ነገር ስሙን ከጠሩት ይሰማል ብዬ አምን ነበር። ዛሬም ከዚህ ብዙ አልራቅሁም፤ ሰማይ ሲጠቁር ከተሰጣው ልብስ በፊት የማስበው ልጆቼ የት እንዳሉ ነው።

በረዶ ግን አልመጣም። ገብሱ አማረ፤ ኅዳር ላይ የኩባንያው በቅሎዎች በሰልፍ መጥተው ጭነው ሄዱ። ደስ የሚል በጋ ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። አባቴ ፋኖስና ጃንጥላ ገዛ፤ ለእናቴ የተጠለፈ ቀሚስ፣ ለእኔ ጎማ ጫማ አመጣ። ጥጋቡ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላውን ተውሶ ሠርግ ሄደ። ሰዉ ሁሉ ባቄላውንና ምስሩን ትቶ ለቀጣዩ ክረምት ነጩን ገብስ ብቻ ሊዘራ ተነጋገረ። ደቦ መጥራትም እየቀረ መጣ፤ ሁሉም የራሱን ቶሎ ለማድረስ ይሮጣል፣ ለሰው የሚሰጠው ቀን የለውም።

አንድ ቀን እናቴ ከገበያ ተመልሳ ያመጣችውን ባቄላ ወደ እንስራው እየገለበጠች ባቄላ ተሸምቶ ሲገባ በዚህ ቤት የመጀመሪያው ነው ስትል ሰማኋት። የምትናገረው ለባቄላው ነበር።

በዚያው በጋ የጥጋቡ በሬ ታሞ ሞተ። በሚያዝያ ደግሞ የአባቴ አንገት ላይ ትልቅ እባጭ ወጣ። የኔታ የነገሩንን በልቤ ደግሜ አስታወስኩ። ከእባጭ ቀጥሎ ያለው በረዶ ነው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አባቴ አንገቱ በጨርቅ እንደተጠመጠመ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ለእናቴ ነገራት። በመጪው ክረምት ማሳው ሁሉ፣ ጓሮውም ሳይቀር ለኩባንያው ዘር ይሆናል። ጎታው ውስጥ ያለው ጥቁር ገብስ ወጥቶ ይቆላ፣ ይፈጭ፣ ጠላ ይሁን፤ ቤት ውስጥ ዘሩ ካለ በሆነ በኩል ይደባለቅና ምርቱን ሁሉ ያስመልሳል። እናቴ ሰፌዱን አንሥታ የተበጠረ ገብስ እንደገና ማበጠር ጀመረች።

ከዚህ በኋላ መቻል አቃተኝ። «አባቴ፣ ሙሴ በረዶ ሊያወርድብን ነው» አልኩት። «ገብስ ብቻ ነው የሚመታው። ወንዙ ደም ሆኗል፣ የጋሽ ጥጋቡ በሬም ሞቷል፣ እባጩም ያው አንገትህ ላይ ወጥቷል።»

አባቴ እባጩን በእጁ ይዞ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ሰፌዱን አስቀመጠችና ረጅም ጊዜ አየችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጎታውን ሊከፍት ሲነሣ ፊቱ ቆመች። «እሱን አትንካ፣ የታቦት ነው» አለችው። «ለቤተ ልሔም ተስያለሁ።»

«መቼ ተሳልሽ?»

«ልጅቱ የተናገረች ጊዜ። ሕፃን ከየት ታመጣዋለች? እንዲህ ያለው በሕፃን አፍ ነው የሚመጣው። በረዶውን መልስልን እንጂ ጥቁሩ ገብስ የአንተ ነው ብያለሁ።»

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። ስለት ማፍረስ ግን በእኛ አገር ወንዝ የሚያሻግር ነገር አይደለም። ጋቢውን ለበሰና ስለቱን በሌላ እንዲለውጡለት ሊለምን ወደ የኔታ ወጣ። እናቴ ከኋላው ሄደች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። በልቤ ኩራትም ፍርሃትም ነበረኝ፤ የተናገርኩት ነገር ሰማይ ደርሶ ተመልሷል።

የኔታ ሁለቱንም አዳመጡ። ከዚያ እናቴን ብቻ ለይተው ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዷትና ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገሯት። የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነበር። «ሐረገ ወይን፣ ተስለሻል ወይስ ልትሳይ ነው?» አሏት። እናቴ መሬት መሬት እያየች ነጠላዋን በአፏ ላይ ሳበች። የኔታ ተመልሰው ለአባቴ ስለት ወደ ተሳሉለት ይሄዳል እንጂ ወደ ጎታ አይመለስም አሉት። የኩባንያው ሰው አባቴን እንዳይቀየመው ግን ጥቁሩን ገብስ ከአጥሩ ጀርባ ባለው የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ላይ እንዲዘራው ፈቀዱ፤ ከእኛ ማሳ ሩቅ ነው፣ የሚደባለቅበት መንገድ የለም።

እናቴ ከማረፏ ጥቂት ዓመት በፊት ስለዚህ ቀን ጠይቄያት ነበር። ስለት የሚባል አልነበረም አለችኝ። ቀድማ ስታስብበት ከርማለች፤ ዘሩን በዋሻ ልትደብቅ፣ ለእኅቷ ወደ ስማዳ ልትልክ ሁሉ አስባ ነበር። ባሏ ሊነካው የማይችል ቦታ ግን ጠፍቶባት ሳለ እኔ በረዶ አልኩ። «አንቺ ነሽ መደበቂያውን ያሳየሽኝ» አለችኝ። ያን ያህል ዓመት በረዶውን የመለስኩት እኔ ነኝ ብዬ ኖሬ ነበር፤ ይህኛውም ደስ አለኝ።

በጥቅምት ገብሱ እሸት ሆኖ ሲወዛወዝ ሙሴ ምርቱን ሊያይ ተመለሰ። ስለት ብቻውን ይበቃል ብዬ አላመንኩም። ጎማ ጫማዬን አድርጌ ማሳው መሐል አገኘሁትና ወድቄ ጉልበቱን ሳምኩ። «ሙሴ፣ በረዶውን ይተዉልን» አልኩት። «አባቴ ፈርዖን አይደለም።»

ይርጋ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀጥሎ አንድ ነገር በፈረንጅኛ ተናገረ። ሙሴ ባርኔጣውን አውልቆ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለልኝና አንድ የገብስ ዛላ ቀጥፎ ሰጠኝ። ልመናዬ የደረሰ መሰለኝ። እውነትም በዚያ ዓመት በመንደራችን አንድ ቅንጣት በረዶ አልወደቀም። ገብሱ ደግሞ ሽማግሌዎቹ እንደዚያ ያለ አላየንም እስኪሉ ድረስ ሞላ።

ኅዳር መጣ፤ በቅሎዎቹ አልመጡም። ታኅሣሥ ገባ። በየቤቱ ጎታ ሞልቶ የተረፈው ነጭ ገብስ በየደጁ በስልቻ ተቆልሎ ቆመ። አባቴ ንፋስ መውጫ ሄዶ ጠይቆ ተመለሰ፤ የሚያውቅ ሰው አላገኘም። ከጥምቀት በኋላ ጠዋት ጠዋት ጃንጥላውን ይዞ መንገዱ ወደሚታይበት ድንጋይ ይወጣና እስከ ቀትር ይቀመጣል።

አንድ ቀን ዳቦ ይዤለት ወጣሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። በዚያ ሰሞን የኔታ ሙሴ ተራራ ወጥቶ እንደዘገየ ነግረውን ነበር። «አይዞህ» አልኩት። «ተራራ ላይ ነው። ሕዝቡ አይመለስም ሲል ነው የሚመለሰው።» አባቴ መንገዱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በዚያ ሰሞን ስቆ የማያውቀውን ያህል ሳቀና ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ሰጠኝ። «እንግዲያው ጽላቱን እስኪያመጣ ቤት እንጠብቀው» ብሎ እጄን ይዞኝ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ ላይ አልተቀመጠም።

የሆነውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ደብረ ታቦር ውስጥ ከይርጋ ጋር ተገናኘን፤ ጸጉሩ ሸብቶ ሱቅ ከፍቶ ነበር። የኩባንያው ባለቤቶች ይርጋም ስሙን በማያውቀው ከተማ ተሰብስበው ብቅሉን በመርከብ ከውጭ ማስመጣት ከእኛ አገር ከጋይንት በበቅሎ ከማውረድ እንደሚረክስ ወሰኑ። ከመካከላቸው ጋይንትን ያየ አልነበረም። ሙሴ ራሱ የሰማው በደብዳቤ ሲሰናበት ነው፤ ተመልሶ ሊነግረን አፍሮ ደብረ ታቦር ላይ ሳምንት ሙሉ ከክፍሉ ሳይወጣ ሰነበተ። ያን ቀን በማሳው መሐል እኔ የተናገርኩትን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው ይርጋን ጠየቅሁት። «አባቴን ስላከበሩልን እግዜር ይስጥልን ትላለች አልኩት» አለኝ። «ሌላ ምን ልበለው፣ ልጄ?»

በረሃብ አልሞትንም። ነጩን ገብስ በላነው። ቅርፊቱ ወፍራም፣ ቆሎው ጥርስ የሚሰብር ነበር፤ ጥጋቡ በዚህ ገብስ ቢራ የሚጠጡት ፈረንጆች ጥርስ ስለሌላቸው ነው ይል ነበር። ክፉው ነገር የመጣው በሚቀጥለው ክረምት ነው። የመሬቱ መድኃኒት የለም፤ ነጩ ዘር ያለ እሱ ተዘርቶ ቀጨጨ፣ መስከረም ላይ ውርጭ መታውና እንደ ገለባ ደረቀ። የሚበላ ጥቂት ነበር፤ የሚዘራ ግን በመንደሩ ውስጥ ጠፋ። ጥቁሩን ሁሉም ቆልቶ ጨርሶታል።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ያለው ብቻ ነበር የቀረው። የኔታ ሁለት መኸር አሰብስበው በዕቃ ቤቱ አስቀምጠውታል።

እናቴ ያንጊዜ ያደረባትን ጭንቀት ዛሬ እረዳዋለሁ። ገብሱን ስታወጣው ልታስመልሰው ነበር ያሰበችው። አሁን ስለት አልነበረም ብላ ብትናገር በሕዝብ ፊት በታቦት ስም ዋሽታለች፤ ዝም ብትል የገዛ ቤቷ የሚዘራው የለውም። ለየኔታ ልትናዘዝ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ፊቷ ግን ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ መስሏል።

በቀጣዩ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ የኔታ ዘር የጠፋበት ሁሉ ቁናውን ይዞ ይምጣ አሉ። የታቦቱ ገብስ ለሁሉም እኩል ይሰፈራል፤ የሰመረለት በመኸር መልሶ ለታቦቱ ያስገባል፣ ያልሰመረለትን የሚጠይቀው የለም። ሰዉ በደጀ ሰላሙ ዙሪያ ተሰለፈ። አባቴም ቁናውን ታቅፎ ከጥጋቡ ኋላ ቆመ። ጥጋቡ ዞር ብሎ አየውና «አንዳርጌ፣ የሚስትህን ገብስ ልትለምን መጣህ?» አለው። አባቴ ወደ እናቴ ተመለከተ። ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ ትስቅ ይሁን ታልቅስ አይለይም። «አዎ» አለ። «ስትሰጠኝ አልወሰድኩም ነበር።»

የኔታ የእሱን ቁና ሲሰፍሩ እንደ ተራራ ሞልተው አፉን በእጃቸው ሳያስተካክሉት ተውት። ፍሬው እየተንከባለለ ሲወድቅ እኔ ሥር ሥሩን ለቀምኩ።

እኔ ዛሬ ንፋስ መውጫ ነው የምኖረው። ልጄ አዱኛ በግብርና መሥሪያ ቤት ይሠራል። ባለፈው ሰሞን ሌላ ኩባንያ ለብቅል ገብስ ሊዋዋል እንደሚመጣ ነገረኝ፤ ጥሩ ነገር ነው እማዬ አለኝ። ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ፋኖሱም ጥሩ ነበር። ስለ ድብልቅ ምን ይላሉ ብዬ ብቻ ጠየቅሁት። ጥራት ያስፈልጋል ይላሉ አለኝ። ያን ዕለት ማታ አልጋዬ ሥር ያለውን እንስራ ከፍቼ ገብሱን ነቀዝ እንዳልገባበት በእጄ ዘግኜ አየሁት። አዱኛ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀብኝ።

የአባቴ አገር ሰዎች በየዓመቱ አዲሱን ያመጡልኛል። ጥቁር ነው፣ ደቃቅ ነው። በመሐሉ ግን አልፎ አልፎ አንድ ነጭ፣ ወፍራም ፍሬ አይጠፋም፤ ከየት መጥቶ እንደተደባለቀ የሚያውቅ የለም። መንደሩ «ሙሴ» ነው የሚለው። ጠላ ውስጥ ሲገባ ለብቅሉ ይስማማዋል ይላሉ ሴቶቹ። ስለዚህ ስንበጥር ሙሴን አንለቅመውም።